ሮም ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ ትኬትህን ቆርጠህ፣ ሆቴልህን ይዘህ፣ ልብህ ቀድሞህ ሮም መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በዚያች ከተማ ረጅም ዘመን ኖሬ ብዙ እንግዳ ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። ረክቶ የሚመለሰው ማን እንደሆነ፣ እግሩ አብጦ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ኪሱ ተራቁቶ የሚመለሰውም ማን እንደሆነ ለይቼ አውቃለሁ። ገንዘብ አይደለም የሚለያቸው። ሮም የራሷ ሰዓትና የራሷ ደንብ አላት፤ ለዚያ ያደረውን ታጠግበዋለች፣ የሚጣደፈውን ደግሞ ታደክመዋለች። አንተ ምክር ለመስማት የማትቸገር፣ ለመሰናዳት ግን የምትሰንፍ ልጅ ስለሆንህ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍሁልህ። ዓመቱን በፈረንጆች፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍሁት፤ እንዳትምታታ።

1. በቀን ሁለት ትልልቅ ነገር ብቻ እይ፤ አንዱን ጧት፣ አንዱን ከሰዓት በኋላ። ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንን፣ ፓንቴዮንንና የትሬቪን ፏፏቴ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ማታ የሚያስታውሰው ሰልፉን ነው። ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ ይባል የለ። የኮሎሲየም ትኬት የጥንቱን የሮም አደባባይ፣ ማለትም ፎረሙንና የፓላቲንን ኮረብታ ጭምር የያዘ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ግማሽ ቀን ይበላሉ። ደግሞ የመሐል ከተማው መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ቁርጭምጭሚትን ግን ይፈጃል። አዲስ ጫማ ገዝተህ እዚያ ልትፈትነው እንዳታስብ። እግርህ የለመደውን፣ ሶሉ ወፍራም የሆነውን አድርግ።

2. መግቢያ ትኬትህን ከቤትህ ሳለህ፣ ከራሱ ከቦታው ድረ ገጽ ግዛ። የኮሎሲየም ትኬት ስምህ ተጽፎበት ስለሚወጣ በር ላይ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይጠይቁሃል፤ በሌላ ሰው ስም የተገዛ ትኬት ይዞ መከራከር አያዋጣም። በሩ አካባቢ ወረፋ እናስዘልልሃለን እያሉ የሚከተሉህን አመስግነህ እለፋቸው። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ነው፣ ያውም እስከ እኩለ ቀን ገደማ ድረስ ለገባ በነጻ። ኮሎሲየምና ሌሎቹ የመንግሥት ሙዚየሞች ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ይከፈታሉ። ነጻ መሆኑን ሰምተህ እንዳትጎመጅ፤ ሦስትና አራት ቀን ብቻ ያለው ሰው በነጻው ቀን የሚያድነው ገንዘብ በሰልፍ ከሚያጠፋው ጊዜ አይበልጥም።

3. ትከሻና ጉልበትህን ሸፍነህ ውጣ። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው በነጻ ነው፤ ቁምጣ የለበሰን ግን ከበር ይመልሳሉ። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰልፈው በር ሲደርሱ የተመለሱ ልጆች አይቻለሁና ነው የምልህ። ቀጭን ነጠላ በቦርሳ መያዝ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

4. ስም ያልወጣላቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ግባ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እነግርሃለሁ፤ የሮም ትልቁ ሀብት ሙዚየም ውስጥ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና። ከናቮና አደባባይ ጥቂት እርምጃ ርቆ የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ቅዱስ ሉዊጂ አለ። በግራ በኩል መጨረሻው ጸሎት ቤት ውስጥ ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ መግቢያ አይከፈልም። ጸሎት ቤቱ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ትንሽ ሣጥን ሳንቲም ስትጨምር መብራቱ ቦግ ይላል፤ ያን ጊዜ ከግራ ዳር ጠረጴዛ ከበው ገንዘብ የሚቆጥሩት ቀራጮች፣ ከቀኝ ከጨለማው እጁን የዘረጋው ክርስቶስ፣ በመካከል የሚያልፈው ብርሃን አንድ ላይ ይገለጡልሃል። ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ሰዉ ፎቶ አንሥቶ ሲወጣ አንተ ቆይና ሁለተኛ ሳንቲም ጨምር፤ መጀመሪያ ያላየኸውን ታያለህ። ከኮሎሲየም ብዙ በማይርቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሰንሰለት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሚኬላንጄሎ ሙሴ ተቀምጧል። ልብ በል፤ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዘግተው ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ጧት ሂድ።

ፓንቴዮን ግን ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል። ክፈልና ግባ። ጉልላቱ ስፋቱ 43 ሜትር ከምናምን ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመትም ያው ልክ ነው። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ብቻ የተሠራ ሆኖ ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ መስኮት የለውም፤ ዝናብ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ የተቦረቦሩት ቀዳዶች ውኃውን ይውጡታል። ዝናብ ቢይዝህ ወደዚያ ሂድ እንጂ ሆቴልህ አትግባ።

5. ውኃ አትግዛ። ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 የሚሆኑ ከብረት የተሠሩ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት በ1874 ነው። ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ ሌሊትና ቀን ይፈስሳል። ጎንበስ ብለህ እንዳትቸገር፣ የታጠፈውን አፍ በጣትህ ድፈነው፤ ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍህ ይወረወራል። አንድ ጠርሙስ ከቤትህ ያዝ፣ ቀኑን ሙሉ እየሞላህ ጠጣ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ከመኪና ላይ ሱቅ አንዲት ላስቲክ ውኃ በሁለትና በሦስት ዩሮ እየገዙ የሚሄዱትን ሳይ አዝናለሁ፤ ቧንቧው አጠገባቸው ይፈስሳልና።

6. ከተማው በሚበላበት ሰዓት ብላ፣ ከሚበላበትም ሰፈር ብላ። ምሳ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ነው፤ ራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት የሚጀምር ደህና ቤት ብዙ አይገኝም፣ ሮማውያን ራሳቸውማ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው የሚቀመጡት። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ርቦህ ስትባዝን የሚቀበልህ፣ ሌላ ደንበኛ የሌለው ቤት ነው። ታዋቂ ሐውልት ፊት ለፊት አትቀመጥ። ምግቡ በፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ሜኑው በስድስት ቋንቋ የተጻፈበት፣ አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ እጅህን የሚስብበት ቤት ምግቡ ደንበኛ ስለማይጠራለት ነው በሰው የሚያስጠራው። ሦስት አራት መንገድ ወደ ውስጥ ግባ፤ ሜኑው አንድ ገጽ የሆነበትን፣ የሠፈር ሽማግሌዎች የተቀመጡበትን ፈልግ።

በመሐል ሲርብህ ደግሞ ፎርኖ የሚባለው ዳቦ ቤት አለልህ። እዚያ ፒሳ ክብ ሆኖ አይመጣም፤ በረጅም መጋገሪያ ይደረደራል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በሚዛን ይሸጣል። የሚፈልጉትን ያህል በእጅ ማሳየት ነው፤ ሻጯ ቢላዋውን ወይም መቀሱን አስቀምጣ “ይህን ያህል?” ስትልህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትመራታለህ። ዋጋው የተጻፈው በ100 ግራም ወይም በኪሎ መሆኑን መጀመሪያ አንብብ። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሦስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ አስቆርጥ። ሱፕሊ የሚሉትንም ቅመስ፤ በቲማቲም የበሰለ ሩዝ በውስጡ ሞዛሬላ ተደርጎ የተጠበሰ ነው። ለሁለት ስትከፍለው አይቡ እንደ ክር ይሳባል። ብዙ ጊዜ የተፈጨ ሥጋ ስለሚገባበት የምን ሥጋ እንደሆነ ጠይቅ።

7. ቡናህን ቆመህ ጠጣ። መጀመሪያ ካሸሯ ዘንድ ከፍለህ ደረሰኙን ትቀበላለህ፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ ታዝዛለህ። ቁጭ ካልህ ዋጋው እጥፍም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ዋጋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማኪያቶ ብትል አዲስ አበባ የለመድኸው አይመጣልህም፤ ወተት ጠብ የተደረገባት አንዲት ጉንጭ ቡና ናት። የለመድኸውን የሚመስለው ካፑቺኖ ነው፤ እሱንም ጧት ጠጣው። ከምሳ በኋላ ወተት መጠጣት እዚያ ሆድ ያከብዳል ይባላል፤ ቢያዩህ አይከለክሉህም፣ ግን አገሩ እንዴት እንደሚኖር ለማየት ሄደህ የለ።

8. ምን እንደምትበላ ሳታውቅ አትጉረስ። ክርስቲያንም ሁን ሙስሊም፣ አሳማ የማትበላ ከሆንህ የሮም ማእድ ላይ ዓይንህን ከፍተህ ተቀመጥ። ዝነኛው ካርቦናራ እንቁላል፣ ፔኮሪኖ የሚባለው የበግ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ጓንቻሌ ነው። ጓንቻሌ በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ነው። አማትሪቻና ውስጥም አለ፤ ግሪቻ ውስጥም አለ። አስተናጋጁ ሊደብቅህ ፈልጎ አይደለም ዝም የሚለው፤ የአውሮፓ ሕግ ምግብ ቤቶች እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው 14 አለርጂ አምጪ ነገሮችን ነው፣ አሳማ ከነዚያ መካከል የለም። ስለዚህ “ሴንሳ ማያሌ” ብለህ ራስህ ተናገር፤ ያለ አሳማ ማለትህ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። አንዳንድ ዳቦና ኬክ ውስጥም ስትሩቶ የሚሉት የአሳማ ስብ ይገባል፤ እሱንም ጠይቅ።

እንዲህ ስልህ የሚበላ የለም ማለቴ አይደለም። ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለውን እዘዝ፤ ፓስታ፣ ፔኮሪኖና ቁንዶ በርበሬ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቅቤም ክሬምም አይገባበትም፤ ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ ከአይቡ ጋር ተመትቶ ነው መረቅ የሚሆነው፤ ውኃው ትንሽ ከጋለ አይቡ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ጥሩ አብሳይና መጥፎ አብሳይ በዚህ ሳሕን ይለያሉ። በጾም ከሄድህ ደግሞ እንዳትጨነቅ፤ እንደ ሮም ለጿሚ የሚመች የአውሮፓ ከተማ አላየሁም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ደረቁ ስፓጌቲ ከስንዴና ከውኃ ይሠራል፤ ትኩስ የሚባለው ፌቱቺኔ ግን እንቁላል አለበት፣ ይህን ለይ። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ ይሠሩልሃል። ቺኮሪያ የሚባል መረር ያለ ቅጠል ቀቅለው በነጭ ሽንኩርት የሚያቁላሉት አለ፤ በጎመን ያደገ ሰው ሁለተኛ ሳሕን ያዝዛል።

9. የድሮውን የአይሁድ ሰፈር ሳትበላበት አትመለስ። ጳጳስ ጳውሎስ አራተኛ በ1555 አይሁዶችን በአጥር የዘጉበት ሰፈር ነው፤ ሙሉ ነጻነት ያገኙት በ1870 ሮም ከጳጳሳቱ አገዛዝ ስትወጣ ነው። ከዚያ ጭንቅ ውስጥ የወጣ ምግብ ዛሬ የሮም ኩራት ሆኗል። ካርቾፊ የሚባለውን እምቡጥ አትክልት እንዳለ ገልብጠው፣ ቅጠሉን ፈልቀቅ አድርገው ሁለት ጊዜ በዘይት ይጠብሱታል፤ ዳር ዳሩ ቆሎ ይሆናል፣ ልቡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በእጅህ ቅጠል በቅጠል እየነቀልህ ብላው። ወቅቱ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ፀደይ፣ በእኛ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ በነሐሴ የሚቀርብልህ ከሩቅ የመጣ ወይም ከበረዶ የወጣ ነው። በፖርቲኮ ዶታቪያ መንገድ ላይ ኮሸር ምግብ ቤቶች አሉ፤ እነዚህ አሳማ ጨርሶ አያስገቡም፣ ሥጋና ወተትም አያደባልቁም። ልብህ ጥርጥር ከበዛበት እዚያ ተቀመጥ።

ቴስታቾ የሚባለው ሰፈርም ሂድ። ከ1975 በፊት የከተማው ትልቁ ቄራ እዚያ ነበር። ለሠራተኞቹ ከደሞዛቸው ጋር የሚሰጣቸው ባለጠጋው የማይገዛው ነበር፤ ጨጓራው፣ ጅራቱ፣ አንጀቱ፣ ሆድ ዕቃው። ሚስቶቻቸውና ጎረቤት ያሉ ምግብ ቤቶች ከዚያ የሮምን ምርጥ ወጥ አወጡ። የበሬ ጅራት በቲማቲምና በሰለሪ ለረጅም ሰዓት የሚበስለው፣ ጨጓራ በቲማቲም፣ በናናና በፔኮሪኖ የሚሠራው የዚያ ሰፈር ነው። ከሌላ አገር የመጣው ቱሪስት ስሙን ሰምቶ ያፈገፍጋል። አንተ ዱለት እየበላህ ያደግህ ልጅ ምን ያስፈራሃል! የሚጠበቅብህ ወጡ ሲቁላላ ጓንቻሌ ገብቶበት እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

10. ሒሳቡን ከመክፈልህ በፊት አንብብ። “ፓኔ” ተብሎ በሰው አንድ ሁለት ዩሮ ቢጨመር ማጭበርበር አይደለም፤ የዳቦ ነው፣ ሜኑው ላይ መጻፍ ግን አለበት። ጉርሻ ግዴታ የለብህም። ዓሣ ስታዝዝ ዋጋው የሳሕኑ ሳይሆን የ100 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ተመዝኖ ስንት እንደሚመጣ ሳይነግሩህ “እሺ” አትበል። ጄላቲ ስትገዛ ደግሞ ቀለሙን እይ፤ ደማቅ አረንጓዴ ፒስታሺዮና ደማቅ ቢጫ ሙዝ ቀለም የተጨመረበት ነው። እውነተኛው ፒስታሺዮ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ ነው፤ እንደ ተራራ አልተከመረም፣ ብዙ ጊዜም በክዳን ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው።

11. አውቶቡስ ላይ ቦርሳህን ከፊትህ አድርግ፤ ትኬትህንም አስመታ። ከቴርሚኒ ጣቢያ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር ቱሪስት የሚሞላበት ስለሆነ ኪስ አውላቂም አይጠፋበትም። ስልክህን በኋላ ኪስህ የመክተት ልማድህን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ተው። የወረቀት ትኬት ከገዛህ ማሽኑ ላይ ካላስመታኸው እንዳልገዛኸው ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪ ከያዘህ ከ50 ዩሮ በላይ ትቀጣለህ። በስፔን ደረጃዎች ላይም እንዳትቀመጥ፣ ከ2019 ወዲህ ያስቀጣል።

12. የራስህን ታሪክ ሳትረግጥ አትውጣ። ከባቡር ወርደህ መጀመሪያ የምትቆምበት የቴርሚኒ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ሺህ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል፤ አንተ ግን ዐውቀህ እለፍ።

ከዚያ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ውረድ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ፖርታ ካፔና ነው። ፋሺስቶች ከአክሱም የወሰዱት 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እዚህ ቆሞ ነበር። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ተስማምታ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በ2008 አክሱም ላይ በቦታው ቆመ። ዛሬ እዚያ ሐውልቱን አታገኘውም፤ ብዙ የእኛ ልጆች “ምን ይታያል ታዲያ?” ይሉኛል። ቦታው ይታያል እላቸዋለሁ። በ1960፣ በፈረንጆች መስከረም፣ አንድ ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በዚያ ሐውልት በኩል አልፎ፣ የኦሎምፒኩን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ጨርሷል። ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለው የሳን ግሬጎርዮ መንገድ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መንገዱ ላይ ከግድግዳ የተለጠፈ መታሰቢያውን ፈልግና አንብብ። በአውቶቡስ አትሂደው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ስትሄድም የባዚሊካውን ጉልላት ውጣ፤ ከታች እስከ ላይ 551 ደረጃ ነው፣ ከፊሉን በሊፍት ማሳጠር ትችላለህ። ላይ ደርሰህ ሰው ሁሉ ወደ አደባባዩ ሲያይ አንተ ዞር ብለህ ወደ ጓሮው፣ ወደ ቫቲካን አጸድ ተመልከት። እዚያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ያረፉበት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ ሲያሳትሙ እዚያ ነበሩ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስላለ እንደ ሌላው በር ገፍቶ የሚገባበት አይደለም፤ አስቀድሞ ማስጠየቅ ያስፈልጋል።

13. እንጀራ ናፈቀኝ ብለህ በመጀመሪያው ማታ ሐበሻ ቤት አትግባ፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ይድረስ። በቴርሚኒ ዙሪያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ታገኛለህ፤ የሚሠሩባቸው ሰዎች ከተማዋን እንደ እጃቸው ጀርባ ያውቋታል። የትኛው ምግብ ቤት ያለ አሳማ እንደሚሠራ፣ የትኛው ፎርኖ በስንት ሰዓት ትኩስ እንደሚያወጣ ከነሱ የተሻለ የሚነግርህ የለም። ገብተህ በልተህ ብቻ አትውጣ፤ ቁጭ በል፣ ተዋወቅ፣ ስላሉበት ኑሮ ጠይቃቸው። ከአዲስ አበባ የምትነሣ ከሆነ ደግሞ ባዶ እጅህን አትሂድባቸው፤ ደህና የተፈጨ በርበሬና ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና በሻንጣህ ቦታ ይተርፍላቸዋል። በርበሬውን ግን በሁለት ፌስታል ጠቅልለህ እሰረው፤ ልብስህ ላይ እንዳይደፋ።